አስራ አምስት ደቂቃ፣ ሃምሳ አራት ደረጃ

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለታካሚዎች ቀጠሮ ነበር። ቀጠሮ ግን እኛ ክሊኒክ አይሠራም። ሰኞና ረቡዕ የጡረተኛ ወታደሮቹ ቀን ነው፤ ቁጥር ሰጠኋቸው አልሰጠኋቸው፣ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት በማዕረግ ነው። ሻምበል እስጢፋኖስ ሦስት ሰዓት ላይ እያዛጉ ቢመጡም ከበሩ አጠገብ ያለችው ቦታ ማንም ሳይነካት ትጠብቃቸዋለች። ሃምሳ አለቃ ቱሉ ደግሞ ገና ሳንከፍት በር ላይ ቆመው እናገኛቸዋለን፤ ከዚያ ሻምበሉ እስኪታከሙ ድረስ ከአግዳሚው ጫፍ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ቁጥር አንድ እኮ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው ዛሬ።

«ቁጥሩ ልክ ነው ልጄ። ማዕረጉ ነው ያልደረሰው።»

ስለዚህ ደብተሩ ተረፈና ለራሴ ወሰድኩት። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ማስታወሻ ሳልይዝ ኖሬ ዛሬ መጀመሬ ያስቀኛል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉልበት ሳጥፍና ስዘረጋ ነው የምውለው። እህቴ ሐሚዳ «የሰውን ሁሉ ታቀኛለሽ፣ ያንቺን ማን ያቅናው?» ትላለች። ያላገባሁትን ማለቷ ነው፤ አልሰማኋትም።

ጽሑፌ ተንጋዷል። ብዕሩ ነው።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

በፍቃዱ ረቂቅ አዋጁን ይዞ መጣ። በፍቃዱ ሸሪኬ ነው፤ አብረን ተምረን ይህችን የጀሞ ክሊኒክ አብረን ከፈትናት። እኔ እግር አያለሁ፣ እሱ ወረቀት ያያል። ጡረተኞቹን የምናክመው በውል ነው፤ እኛ እናክማለን፣ መንግሥት ይከፍላል። አሁን ታዲያ እንደኛ ላሉ የግል ተቋማት በየሕክምናው የሚከፈለውን ተመን የሚወስን አዋጅ እየተረቀቀ ነው።

ሃያ ስምንት ገጽ ነው። በፍቃዱ ምሳውን ትቶ አነበበው፤ ምሳ የሚተው ሰው አይደለም። ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አሳየኝ።

«ተራ ቁጥር አርባ አንድ» አለ። «ፊዚዮቴራፒ፣ በአንድ ጊዜ አስራ አምስት ደቂቃ።»

«እኛ አርባ አምስት ደቂቃ ነው የምንሠራው።»

«ሠላሳውን በነፃ ነው የምትሠሪው ማለት ነው።»

«ወይ ደግሞ አንሠራውም ማለት ነው።»

«እኔ አላልኩም» አለ በፍቃዱ። እሱ ያላለውን ነገር ሁልጊዜ እኔ እንድለው ነው የሚያደርገኝ። ውሉ የሚታደሰው እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው። ረቂቁ እንዳለ ከጸደቀ ጡረተኞቹን በአስራ አምስት ደቂቃ እየጠራረግን እናስወጣለን፣ አለዚያም ውሉን አናድስም። በፍቃዱ አናድስ ባይ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ስሜት የለበትም፤ ሂሳብ ነው።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

አርባ አምስት ደቂቃው ወዴት እንደሚሄድ ልጻፈው፤ ምናልባት አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው ይመጣል።

የጋሽ ቱሉ ግራ ጉልበት ድሮ ተመቶ የተጠገነ ነው። እስኪሞቅና እስኪላላ አስራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ቀጥሎ ያሉት አስራ አምስት ደቂቃዎች ጡንቻውን ለማጠንከር ናቸው፤ እግር ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ፣ እንደ ሰልፍ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ሁሉም ወታደሮች እንደዚህ ናቸው፣ ሳይቆጥሩ ጣታቸውን አያንቀሳቅሱም። በመጨረሻ ከክሊኒኩ ወጥተን ከጎናችን ባለው ሕንፃ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ እንለማመዳለን። ረቂቁ ደረጃ የሚባል ነገር አያውቅም።

እነዚህን ሰዎች «ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማጥፋት ነው። ማንም አመመኝ አይልም፤ ሻምበሉ ክፍሉ ውስጥ ካሉ ደግሞ ጭራሽ። እኔ የምሰማው ቆጠራውን ነው። ሕመሙ ሲጀምር ድምፃቸው ከፍ ይላል። «ስድስት» በለሆሳስ ከሆነ ደህና ነው፤ «ሰባት!» ብለው ከጮሁ እጄን ጉልበታቸው ላይ አድርጌ አስቆማቸዋለሁ። ይህን የትኛውም ትምህርት ቤት አላስተማረኝም።

ዛሬ ባለቤታቸው እትዬ ሶሬቲ ወደ ጎን ጠሩኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት።

«ከቤታችን እስከ ምድር ሃምሳ አራት ደረጃ ነው» አሉኝ። «እንዴት እንደሚወርደው ታውቂያለሽ?»

«በክራንቻ መስሎኝ።»

«በመቀመጫው ነው የሚወርደው። እንደ ሕፃን፣ አንድ አንድ እያለ። ጎረቤት እንዳያየው ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ይነሳል። እንዳልነገርኩሽ ሁኚ።»

ለካ ለዚህ ነው ሳንከፍት በር ላይ የሚቆሙት። እኔ የወታደር ሥርዓት ይመስለኝ ነበር።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ደብዳቤ መጣ! የረቂቁ ኮሚቴ «ተጨባጭ ሁኔታውን በአካል ለማየት» ሰው ይልካል። የፊታችን ሰኞ። የሚመጡት ኮሎኔል በንቲ የሚባሉ ናቸው፣ ሰዓት ይዘው እያንዳንዱን ሕክምና ይለካሉ። በፍቃዱን አቅፌው ነበር። አርባ አምስት ደቂቃውን በዓይናቸው ካዩ ሌላ ምን ክርክር ያስፈልጋል?

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ለታካሚዎቹ ነገርኳቸው። «ሰኞ አንድ ኮሎኔል ይመጣሉ። እንደ ወትሮው ሁኑ» አልኳቸው።

ሻምበል እስጢፋኖስ «ኮሎኔል?» አሉ።

«አዎ፣ ኮሎኔል።»

«ገባን» አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ አስራ አንዱም ጡረተኞች ተሰብስበዋል። ኮት ለብሰዋል። ጫማቸው ፊት ያሳያል። ጋሽ ቱሉ ጢማቸውን ተላጭተው አገጫቸውን ቆርጠውታል፣ ክራንቻቸው የለም።

«ክራንቻዎ የት ሄደ?»

«ዛሬ ፈቃድ ወጥቷል።»

የሻምበል እስጢፋኖስን ከዘራ ከመጋረጃው ጀርባ አገኘሁት። ሌሎች አራት ከዘራዎችም አብረውት አሉ፤ እነሱም በማዕረግ መደርደራቸውን አልጠራጠርም።

ኮሎኔል በንቲ አራት ሰዓት ላይ ገቡ። ሽበታም፣ ረጋ ያሉ፣ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። እግራቸው ደፉን ሳይረግጥ፣ ወራት ሙሉ ለምኜ የማስነሳቸው አስራ አንድ ሰዎች በአንዴ ብድግ አሉ። የጉልበቱ መንቋቋት እስከ መድኃኒት ክፍሉ ተሰምቷል።

«ሕመም ያለው አለ?» አሉ ኮሎኔሉ።

«የለም!»

«የሚጎድል ነገርስ?»

«የለም!»

አስር ጊዜ እግር ማንሳት ጋሽ ቱሉን ዘጠኝ ደቂቃ ነው የሚፈጅባቸው። ዛሬ በሁለት ደቂቃ ተኩል ጨረሱት። አቆጣጠራቸውን የሰማ የጎረቤት ባለሱቅ ፀብ መስሎት ሮጦ መጣ። እያንዳንዷ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነች እኔ አውቃለሁ። ኮሎኔሉ ግን ፈገግ ብለው «ወኔ አላቸው» አሉና ጻፉ።

ከሁሉ የባሱት ሻምበሉ ናቸው። ሳይጠየቁ ቁጢጥ ብዬ ላሳይዎት አሉና ቁጢጥ አሉ። መነሳቱ ግን እምቢ አላቸው። ምን እንዳደረጉ ሳየው ልስቅም ላልቅስም ቃጣኝ፤ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ማሰር ጀመሩ። ኮሎኔሉ ክፍሉን ዞረው እስኪጨርሱ ድረስ አሰሩ። ጫማቸው ማሰሪያ የለውም።

«ኮሎኔል፣ የዘወትሩ እንዲህ አይደለም» አልኩ በመጨረሻ።

ወደ ታካሚዎቹ ዞሩ። «የዘወትሩ አይደለም?»

«የዘወትሩ ነው!» አሉ አስራ አንዱም።

ኮሎኔሉ እጄን ጨብጠው «እጅዎ የተባረከ ነው፣ በአማካይ አስራ ሁለት ደቂቃ» አሉኝ። ጠበቅ አድርገው ነው የጨበጡኝ፤ ዓይኔ ውሃ አቀረረ። ደስታ መስሏቸው ይሆናል።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ማንም ብቻውን መቀመጥ አልቻለም። አስራ አንዱን ስናስቀምጥ፣ በረዶ ስንይዝላቸው፣ ጉልበት ስናሽ ሰባት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ቱሉ ግንባራቸው ላብ አቸፍችፎበት «እንዴት ነበርን?» አሉኝ።

እንዴት ነበርን! «ጎበዞች ነበራችሁ» አልኳቸው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮሎኔል የምትለውን ቃል ከአፌ ባላወጣ ኖሮ ሁሉም እንደ ወትሮው ያነክሱልኝ ነበር።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ዝናብ። መካኒሳ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ አርፍጄ ደረስኩ። ዛሬ አልጽፍም። ይሄ ብዕር መቀየር አለበት።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

የጉብኝቱ ሪፖርት ግልባጭ ደረሰን። «ታካሚዎቹ በመልካም አካላዊ ቁመና ላይ ይገኛሉ። በረቂቁ የተቀመጠው አስራ አምስት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው።»

በፍቃዱ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅኩም። ትንሽ ቆይቶ እሱም ተወው።

«ከበቂ በላይ! እንዲያውም ሦስት ደቂቃ መልሱ እንዳይሉን» አለ።

«ውሉን አናድስም» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አርጅቻለሁ እንዴ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚጫወቱብኝ?»

«እሺ። አናድስም።» ከዚያ ወደ ውጭ ወጣና አናጢ ጠርቶ የአግዳሚውን ቁመት ሲያስለካ አየሁት። ዝቅ ስለሚል ለመነሳት ያስቸግራቸዋል አለኝ። አናድስም እያለ አግዳሚ ያስረዝማል። እኔ እንደሱ ወላዋይ አይደለሁም።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ዛሬ የሠራሁትን ለማንም አልነግርም፤ እዚህ ግን እጽፈዋለሁ።

ትምህርት ልሰጣቸው ብዬ ስልኬ ላይ አስራ አምስት ደቂቃ ሞላሁ። «ኮሎኔሉ ያዩት ይህ ነው፤ ከበቂ በላይ ነው ተብሏል። እንሞክረዋ» አልኩ። ጋሽ ቱሉ አልጋው ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ገና መላላት ጀምሯል። ስልኩ ጮኸ። እንዲቆጡ፣ «ይህማ አይበቃም» እንዲሉልኝ ነበር የፈለግኩት። እሳቸው ግን ሱሪያቸውን ወደ ታች ሰብሰብ አድርገው ተነሱ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ወዴት?»

«ጊዜው አለቀ አላልሽም? ትእዛዝ ነው።» ሰላምታ ሰጥተውኝ ወጡ።

ሌላ ታካሚ ይዤ ስለነበር ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። ከዚያ ጋውኔን እንደለበስኩ ወደ ሕንፃቸው ሄድኩ። ከደረጃው ስር አገኘኋቸው፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው፣ ክራንቻቸውን ታቅፈው። ሰው ይወጣል ይወርዳል። ከሁሉም ጋር ሰላም ይባባላሉ፣ እንደሚያወራ ሰው ይስቃሉ። ሰው እስኪጠፋ እየጠበቁ ነበር።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሶሬቲ ነግራሻለች» አሉ።

«አልነገሩኝም።»

«ውሸት አትችይበትም፤ ለወታደርነት አትሆኝም።»

«ለምንድን ነው ለኮሎኔሉ እውነቱን ያልነገሯቸው?» አልኳቸው። «አመመኝ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?»

እግራቸውን አዩ። «ልጄ፣ እኛ ስንማር አመመኝ ያለ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። ወደ ኋላ የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሶሬቲም ቢሆን።»

«ስለዚህ ኮሚቴው በረቂቁ ላይ ሊያወያየን አዳራሽ ሲጠራን መጥተው አይናገሩልኝም?»

«የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አሉ። «ይህን ግን አትጠይቂኝ።»

ደግፌ እስከ ቤታቸው አወጣኋቸው። ሃምሳ አራቱንም ቆጠርናቸው። ከሃያኛው በኋላ ሕንፃው በሙሉ ሰማን። እኔ በስልክ ጩኸት ሽማግሌ ያባረርኩ ሴት ነኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ። አረፋ

ለቡ፣ እህቴ ቤት ዋልኩ። ሐሚዳ ስጋ ቁረጪ ብላ ቢላ ሰጠችኝ፤ በግራ እጄ ያዝኩት።

«ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆንሽው?»

«ቀኙ ትንሽ ደክሞታል።»

«ትንሽ?» አለችና የቀኝ አንጓዬን ያዘችኝ። ያልጮህኩት ልጆቿ ስለነበሩ ነው። «ሐኪም አይተሻል?»

«እኔ ምንድን ነኝና?»

«አንቺማ አናጢ ነሽ፤ የራስሽ በር ወልቆ የሰው በር ትጠግኛለሽ።» ቢላውን ነጠቀችኝና ስጋውን እሷው ቆረጠችው። ማጋነን ትወዳለች። ደህና ነኝ።

ጋሽ ቱሉና እትዬ ሶሬቲ እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ ደወሉ። ሻምበል እስጢፋኖስም ደወሉ፤ እሳቸው ቀድመው ነው፣ በማዕረግ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

የውይይቱ ቀን ታወቀ፤ የዛሬ ሳምንት፣ መካኒሳ አካባቢ ባለ አዳራሽ። ከየተቋሙ አንድ ሰው ይናገራል፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ። ሰባት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ጽሑፌን እኔም ማንበብ ስላቃተኝ በፍቃዱ ኮምፒውተር ላይ ሊገለብጥልኝ ተቀመጠ።

«ይህ ምን ይላል?»

«ሕመም።»

«ይህስ?»

«እሱም ሕመም ነው።»

ቀና ብሎ እጄን አየ። ከዚያ መተየቡን ቀጠለ። ሰባቱን ገጽ ወደ አንድ አወረደው፤ አሁንም አራት ደቂቃ ይፈጃል። ተናጋሪነት እሱ ያስመዘግበኛል።

ጋሽ ቱሉ «ለማዳመጥ መምጣት ይፈቀዳል?» ብለው ጠየቁኝ። ይፈቀዳል አልኳቸው። ማዳመጡም አንድ ነገር ነው።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

አሁን ገና ጫማዬን አወለቅኩ። እንደሆነው ልጻፈው።

አዳራሹ ረጅም ነው፤ ከኋላ ወደ መድረኩ እየወረደ የሚሄድ፣ መተላለፊያው ደረጃ ደረጃ ያለው። የእኛ ጡረተኞች ቀድመው ደርሰው ተቀምጠዋል። እንዴት እንደተቀመጡ መናገር አያስፈልገኝም። ሻምበል እስጢፋኖስ ከፊት፣ ጋሽ ቱሉ ከበስተኋላ መጨረሻው ረድፍ ላይ። መድረኩ ላይ ሰብሳቢው፣ ከጎናቸው ኮሎኔል በንቲ።

አንድ ተናጋሪ ስለ ላቦራቶሪ፣ ሌላው ስለ ጥርስ ተናገሩ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ሰብሳቢው ደወል ይመታሉ፣ ማይክራፎኑ ይዘጋል፣ ጨዋታ የለም። ቀጥሎ «ከጀሞ» ሲሉ ወረቀቴን ይዤ ተነሳሁ።

«ሃምሳ አለቃ ቱሉ» አሉ ሰብሳቢው።

ወደ በፍቃዱ ዞርኩ። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። «እሳቸው ናቸው ስሜን አስገባልኝ ያሉኝ» አለ በሹክሹክታ። «ላንቺ እንዳልነግር አዘውኛል። ትእዛዝ ነው።» በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ተናድጄበት አላውቅም።

ጋሽ ቱሉ ተነሱ። ወጣት አስተናጋጅ ልደግፍዎት ስትል እጃቸውን አወዛወዙ። ማይክራፎን ላምጣልዎት አለች፤ «እኔ ነኝ ወደ እሱ የምሄደው» አሏት። ክራንቻቸውን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አሳረፉ።

«አንድ» አሉ።

አዳራሹ መጀመሪያ አልገባውም። ከኋላ የሳቀም ነበር። «ሁለት። ሦስት።» ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ጊዜው መቆጠር የጀመረው ስማቸው እንደተጠራ ነው። ሰባተኛው ላይ ቆም ብለው እንደገና ቀጠሉ። ድምፃቸው አስር ላይ ትንሽ ከፍ አለ። «አስራ አንድ!» ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። እኔ ሮጬ ልይዛቸው ነበር፤ በፍቃዱ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ።

ሻምበል እስጢፋኖስ ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቆም አሉ፤ ሻምበሉ ቀድመው እንዲያልፉ የሚጠብቁ ይመስላል። ሻምበሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እለፍ» አሏቸው። «ዛሬ ቁጥር አንድ አንተ ነህ።»

«ሃያ አምስት! ሃያ ስድስት!» እየጮሁ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ማይክራፎኑን በያዙበት ቅጽበት ደወሉ ተመታ።

«አባቴ፣ ይቅርታ፣ ሦስት ደቂቃዎ አልቋል» አሉ ሰብሳቢው፤ እሳቸውም ጨንቋቸዋል።

ማይክራፎኑ ተዘግቷል። ግን የሃምሳ አለቃ ድምፅ ማይክራፎን አይፈልግም። ወደ ኮሎኔል በንቲ ዞረው ሰላምታ ሰጡ።

«ጌታዬ፣ ግንቦት አስራ ስምንት ሕመም የለም ብዬ ሪፖርት አድርጌአለሁ። ሪፖርቴን አርማለሁ።» ተንፈስ አሉ። «ያመኛል።»

ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከፊት ረድፍ ሻምበል እስጢፋኖስ «እኔንም ያመኛል!» አሉ። ከኋላ አንዱ ተነሳ፣ «እኔንም።» ሌላው ተነሳ። ሲነሱ አስራ አንዱም ቀስ ብለው፣ ወንበር እየያዙ፣ እያቃሰቱ ነው የተነሱት። እንደ ወትሮው! ኮሎኔሉ የመጡ ዕለት እንዲያ ብለው ተነስተው ቢሆን ኖሮ! እንባዬን ጠርጌ መጨረስ አልቻልኩም።

ኮሎኔል በንቲ ሰላምታውን መለሱ። «ሃምሳ አለቃ» አሉ፣ «የታረመው ሪፖርት ደርሶኛል።» ከዚያ የራሳቸውን ወንበር ይዘው ከመድረኩ ወረዱና አመጡላቸው።

የጻፍኩት ወረቀት እጄ ላይ ተጨማዶ ቀረ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ምንም ወሬ የለም። ዝናቡ በርትቷል። በፍቃዱ ስልኩን በየአምስት ደቂቃው ያያል፤ የኳስ ውጤት ነው ይላል።

ጋሽ ቱሉ ከዚያ ቀን ወዲህ ጉልበታቸው አብጦ ነበር፤ አሁን ቀንሷል። ዛሬ «አራት ብዬ ስቆጥር ትንሽ ያመኛል» አሉኝ። እንዲህ በቀላሉ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው። መዝገቡ ላይ ስጽፈው ሳቄ መጣ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ምክር ቤቱ ለእረፍት ከመበተኑ በፊት አዋጁ ጸደቀ። ተራ ቁጥር አርባ አንድ ተሻሽሏል፤ «እንደ ጉዳቱ ክብደት ከአስራ አምስት እስከ አርባ ደቂቃ፣ የደረጃ ልምምድን ጨምሮ።» ደረጃ የሚለው ቃል ሕግ ውስጥ ገባ! ተመኑ ከጠበቅነው ያነሰ ነው፣ በፍቃዱ እንደሚለው የሚያስጨፍር አይደለም። እሱ ግን እየጨፈረ ነው የተናገረው።

«አርባ አምስት አልነበር ያልሽው?» አለኝ ሲረጋጋ።

«አምስቷን ደቂቃ እኔ እሸፍናለሁ።»

«ውሉን አናድስም ብለሽ ነበር መሰለኝ።»

«አንተ ነህ ያልከው።»

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ዛሬ ውሉን ፈረምን። በፍቃዱ አሳምሮ ፈረመና ብዕሩን አቀበለኝ። አዲስ ብዕር ነው። ስሜን ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ፤ ሪሐና ብዬ ልፈርም «ሪ» ላይ እጄ ተለቀቀ። በፍቃዱ ወረቀቱን ወደ ግራ እጄ አዞረልኝ። የሕፃን ፊርማ ፈርሜ ወጣሁ።

ጋሽ ቱሉ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ረፍዶ ነው የመጡት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል! «ምን ሆኑ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ከቤት የወጣሁት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሰው በሚወጣበት ሰዓት» አሉ። «ከሃምሳ አራቱ አስራ ሁለቱን ቆሜ ወረድኩ። የቀረውን በመቀመጫዬ። ጎረቤቶቼ አዩኝ። አንዱ ክራንቻዬን ያዘልኝ።» ትከሻቸውን ሰበቁ። «አልሞትኩም።»

ሕክምናቸውን ጨርሰው መውጣት ሲገባቸው ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። «እጅሽን አምጪ» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፣ ጋሽ ቱሉ።»

«በፍቃዱ ነግሮኛል።»

ይሄ በፍቃዱ! እሺ፣ ለማስደሰት ብዬ ተቀመጥኩ። ለታካሚዎቼ የማዘውን የአንጓ ልምምድ መሥራት ጀመርኩ፤ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች። ሳላስበው እንደነሱ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አግዳሚው ላይ ያሉት ወሬያቸውን አቁመው ያዩኛል። አምስት። ስድስት። «ሰባት!» አልኩ።

ጋሽ ቱሉ እጃቸውን አንጓዬ ላይ አሳርፈው አስቆሙኝ።

«ድምፅሽ ከፍ አለ፣ ልጄ» አሉ።

ሻምበል እስጢፋኖስ እንኳ ከዘራቸውን ማንኳኳት አቆሙ። ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ለሰው የማደርገውን እያደረጉልኝ ነው።

«ያመኛል» አልኳቸው።

«መዝግቡላት» አሉ ጋሽ ቱሉ፣ ወደ አግዳሚው ዞረው።